በተኑ ሬዚስተር ይጨመርለት ወይስ ይቅርበት?

ሁለት ጎንደሬዎች ናቸው፤ አንዱ አዘዞ፣ አንዱ ማራኪ። ሁለቱም ለሰፈር ልጆች አርዱይኖ (በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ያስተምራሉ። የመጀመሪያው ትምህርት በተን ሲጫን ኤልኢዲ (ትንሽ መብራት) ማብራት ነው። ጭቅጭቁ በተኑ ላይ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ ትንሽ ዕቃ) ይግባ አይግባ የሚለው ነው።

የአዘዞው፦ ይግባ እንጂ! ቅዳሜ አንዷ ተማሪዬ የበተኑን አንድ እግር 5 ቮልት ላይ፣ ሌላውን ፒን 2 (ሰሌዳው ምልክት የሚያነብበት ቀዳዳ) ላይ ሰካች። ገና ሳትጫነው ኤልኢዲው ብልጭ ድርግም ይላል፤ ጣቷን ወደ ገመዱ ስታስጠጋማ ባሰበት። «ዛር አለበት እንዴ?» አለችኝ። ፒኑ ምንም ነገር ስላልያዘው በዙሪያው ያለውን የኤሌክትሪክ ረብሻ ሁሉ እያነበበ ነው። ከፒኑ ወደ ግራውንድ (0 ቮልት) 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አስገባች፣ ጸጥ። ይህን በዓይኗ ያየች ልጅ መቼም አትረሳውም።

የማራኪው፦ ዛሩንማ እኔም አሳያለሁ። ከዚያ ኮዱ ላይ አንዲት ቃል ቀይሬ ቺፑ ውስጥ ያለውን ፑል አፕ (ፒኑን ወደ 5 ቮልት የሚስብ ሬዚስተር) አበራለሁ። የኡኖው (የአርዱይኖ ሰሌዳችን) ቺፕ፣ አትሜጋ 328ፒ፣ በየፒኑ ከ20 እስከ 50 ኪሎ ኦም የሚሆን ሬዚስተር አብሮት ተሠርቷል፤ ያለውን ትተህ ሌላ ፍለጋ ምን ያንከራትትሃል? በተኑን በፒኑና በግራውንዱ መሃል አገናኝ፣ አለቀ። የኛ ብሬድቦርድ (ዕቃና ገመድ የሚሰካበት ሰሌዳ) ቀዳዳው ላልቶ አንድ ገመድ ስትሰካ ሌላው ይወልቃል፣ ጭራሽ ሬዚስተር ልጨምርበት? (የኤልኢዲውን 220 ኦም ሬዚስተር አልነካሁም። እሱ ከቀረ ኤልኢዲውም ፒኑም አደጋ ላይ ነው።)

የአዘዞው፦ ያንተ መንገድ ነገሩን ይገለብጠዋል። ሳይጫን ፒኑ 1 ያነባል፣ ሲጫን 0። ይህን ለ12 ዓመት ልጅ አስረዳ እስቲ!

የማራኪው፦ የፍሪጅ መብራት አይታ አታውቅም? በሩ ሲዘጋ በተኑን ይጫነዋል፣ መብራቱ ይጠፋል። በቃ፣ ይኸው ነው፤ ሁለት ደቂቃም አይፈጅ።

የአዘዞው፦ እሺ፣ ፍሪጁን ወስጃለሁ። ግን ልጅቷ ነገ በተኑን የግቢው በር ላይ አድርጋ 10 ሜትር ገመድ ብትዘረጋስ? ያ የውስጡ ሬዚስተር ደካማ ነው፣ ረጅም ገመድ ረብሻ ይለቅማል፣ ዛሩ ተመልሶ ይመጣል። ያኔ ከውጭ 4.7 ኪሎ ኦም ማስገባቷ አይቀርም። ታዲያ ከመጀመሪያው ብትለምደው ምን አለበት?

የማራኪው፦ ለግቢ በሩ ልክ ነህ ወንድሜ፣ እሱን አልከራከርም። ጠረጴዛ ላይ ግን አልሰማህም። ደግሞ ቅዳሜ ስትመጣ ያበደርኩህን ብሬድቦርድ ይዘህልኝ ና።