እርማት፦ የውሳኔ ኔትወርክ የሚመርጠው «የመሆን ዕድሉ የሰፋውን» አይደለም

ስለ ውሳኔ ኔትወርክ፣ ማለትም ዕድልን፣ ውሳኔንና ጥቅምን በቅርጾችና በቀስቶች አገናኝቶ የሚያዋጣውን ውሳኔ ለማስላት ስለሚረዳው ሥዕል፣ የጻፍከውን ማብራሪያ ወድጄዋለሁ። ሞላላው ዕድልን፣ አራት ማዕዘኑ ውሳኔን፣ አልማዝ መሰሉ ጥቅምን እንደሚወክል ያስረዳህበት ክፍል ጥርት ያለ ነው። አንድ ቦታ ግን መታረም አለበት። «ኔትወርኩ የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ የሆነውን ውጤት ይዞ፣ ለእሱ የሚስማማውን ውሳኔ ይመርጣል» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ይመስለዋል፤ ግን አይደለም።

ያንተኑ የታጨደ ጤፍ ምሳሌ እንውሰድ፦ ገበሬው ጤፉን ከዝናብ ለመጠበቅ ይሸፍነው ወይስ ይተወው? ገበሬው ትንበያውን አይቷል፤ የመዝነብ ዕድሉ 20 በመቶ ነው እንበል። በሸራ መሸፈን 500 ብር ያስወጣዋል። ሳይሸፍነው ከዘነበ 8,000 ብር ይከስራል፤ ከሸፈነው ግን ጤፉን ምንም አይነካውም። ባንተ አካሄድ «አይዘንብም» ብሎ ይተወዋል። ኔትወርኩ ግን እያንዳንዱን ውጤት በዕድሉ አባዝቶ ይደምራል። ካልሸፈነ የሚጠበቀው ኪሳራ 0.2 × 8,000፣ ማለትም 1,600 ብር ነው። ከሸፈነ 500 ብቻ። ስለዚህ መሸፈኑ ያዋጣዋል። ሳይዘንብ ቢቀር እንኳ ውሳኔው ትክክል ነበር። ይሄን ሰው ቶሎ አይቀበለውም፤ እዚህ ላይ ሰፋ አድርገህ ብትጽፍ ደስ ይለኛል።

ሌላ ትንሽ ነገር፦ ከትንበያው ወደ ውሳኔው የሳልከው ቀስት ትንበያው ውሳኔውን ያስከትላል ማለት አይደለም። ገበሬው ከመወሰኑ በፊት ትንበያውን ያውቃል ማለት ነው።