«አንተማ መኪና አለህ!»

ባለፈው ረቡዕ ለመስክ ሥራ ከጎንደር ማክሰኚት ሄደን ነበር። «ሄደን» ስል የራሴ መኪና፣ ትንሿ ቪትዜ ወሰደችን ማለቴ ነው። የመሥሪያ ቤታችን ፒክአፕማ ጋራዥ ናት፤ እዚያው ሁለት ፋሲካ ፈስካለች።

ዛሬ የመጣሁት ለምስጋና ነው። ምስጋናው «አንተማ መኪና አለህ!» ለምትሉን ባልደረቦች ሁሉ ይድረስ። እናንተ ባትኖሩ ኮድ 2 ማለት የግል ማለት ነው ብለን ተሳስተን እንቀር ነበር።

አንዱን ግን ለብቻው ሳላሞግሰው አላልፍም። የሚሳፈረው ከአዘዞ ነው። ከፒያሳ ስመጣ መንገዴ ላይ ስለሆነ ምንም አይደል። አስፋልት ዳር ግን አይጠብቅም። በኮረኮንቹ ገብቼ በሩ ላይ ጡሩምባ መንፋት አለብኝ። ጋቢና ይቀመጥና ወንበሩን ወደ ኋላ ይለጥጠዋል። ከኋላው ያለችው እህታችን ጉልበቷ አገጯ ጋ ይደርሳል። በሩን እንደ ሲኖትራክ በር ያላትመዋል። ከዚያ «ለምን ከፍ ያለ መኪና አትገዛም?» ይለኛል። አሳቢ ነው። ስንመለስ ገበያ ወረደ። «ትንሽ ነገር ናት» ያላት ሽንኩርት ግማሽ ኩንታል ሆና መጣች። ከሰል ተከተለ። በመጨረሻ እግሩ የታሰረ አውራ ዶሮ። ዶሮው የት ይቀመጥ? እህታችን ጭን ላይ ነዋ! አንገቱን አስግጎ የነዳጅ ጌጁን ሲያይ መጣ። ከተሳፋሪው ሁሉ የተጨነቀልኝ እሱ ብቻ ነው። ማደያው ሰልፍ ላይ ስንደርስ ባልደረባዬን እንቅልፍ ጣለው። አበል ሲፈረም ግን ከሁላችን ቀድሞ ነቅቷል።

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። ባለፈው ክረምት አራት ሰው ጭኜ የፊት ጎማዬ ፈነዳ። እግዜር አተረፈን። ቢሮ ስደውል «የግል መኪናህ ስለሆነ እኛን አይመለከትም» አሉኝ። የስምሪት ደብዳቤ አልተጻፈልኝም። የቤንዚን ደረሰኜን የሚያወራርድልኝ የለም። ሰው ሞቶ ቢሆንስ? ፍርድ ቤት የምቆመው እኔ። ሥራው የማን ነበር? የአራት ልጆች እናት ነበረች እኮ ከኋላ የተቀመጠችው!

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ይህን ስጽፍ ስልኬ ጠራ፤ አለቃዬ ናቸው። ሰኞ ደባርቅ ነን። መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ለዚያውም ዳገት።

«ጎማውን አሠራኸው አይደል?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ጎሽ። አንድ ሰው ጨምረናል። አታስብ፣ ቀጭን ነው።»