ቤታችን ስንቅ ይኑረው

መጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ውስጥ መገኘቱ የተነገረ ሰሞን፣ ሰፈራችን ያለው ሱቅ በር ላይ ሰው ተደራርቦ ነበር። የሎሚ፣ የዝንጅብልና የነጭ ሽንኩርት ዋጋ ሰማይ ነካ። እኔም ሰልፉ ውስጥ ነበርኩ። 50 ኪሎ የስንዴ ዱቄት ገዛሁ። ለምን ዱቄት እንደመረጥኩ ዛሬም አላውቅም። ከፊቴ የነበረው ሰውዬ ሲገዛ አይቼ ይመስለኛል። ሐምሌ ላይ ከረጢቱን ስፈታው ነቀዝ ወርሶታል። ግማሹን ደፋሁት። ስደፋው ያን ቀን ከኋላዬ ተሰልፋ የነበረች አንዲት እናት ትዝ አለችኝ። ሁለት ኪሎ ብላ ጠይቃ "አለቀ" ተብላ ነው የተመለሰችው። እስካሁን ይከነክነኛል።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አስቤያለሁ። መጋቢት 2017 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት፣ ሰው ሁሉ ቢያንስ ለ72 ሰዓት የሚበቃ ምግብና ውሃ ቤቱ እንዲያስቀምጥ ሲመክር፣ አንድ ጓደኛዬ "ፈረንጅ ደግሞ ምን ሊመጣ ነው የሚለው?" አለኝ። እኔ ያን ዜና ስሰማ የታየችኝ አያቴ ናት።

አያቴ ጎጃም ነው የኖረችው። ጓዳዋ ውስጥ ጤፍ የሞላ ጎታ ነበር። ከምድጃው በላይ ጭሱ በሚደርስበት ቋንጣ ይሰቀላል። ድርቆሹ ለብቻው፣ በሶው በስልቻ፣ ሽሮውና በርበሬው በየማሰሮው። ልጅ ሆኜ "ይሄ ሁሉ ለማን ነው?" ብዬ ስጠይቃት "ለክፉ ቀን ነዋ ልጄ" ትለኝ ነበር። አባባል ይመስለኝ ነበር። ሳድግ ነው ክፉ ቀን የእውነተኛ ዘመን ስም መሆኑን የተረዳሁት። በ1880ዎቹ መጀመሪያ የከብት በሽታ ገብቶ በሬውን ሲፈጀው መሬቱ ጦም አደረ፣ አገሩም ተራበ። አያቴ ይህን ከአያቷ አፍ ሰምታ ነው ያደገችው። በኋላም በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ወሎ ላይ የሆነውን በዕድሜዋ አይታለች። ጎታዋን ባዶ አድርጋ አታውቅም።

እኛ የከተማ ልጆች ይህን ልማድ ጣልነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጎታ የት ይቀመጣል? እንጀራውን በየቀኑ ከሱቅ፣ ሽሮውን በግማሽ ኪሎ፣ ዘይቱን በሊትር እየገዛን እንኖራለን። ብዙዎቻችን ቤት፣ ሱቁ ለሦስት ቀን ቢዘጋ አራተኛው ቀን ላይ የሚበላ የለም።

"ብር ካለ ምን ያስጨንቃል?" የሚል አይጠፋም። ትግራይ ውስጥ ከሰኔ 2013 ዓ.ም. በኋላ ባንክ፣ ስልክና መብራት ተቋርጦ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቷል። በባንክ ደብተሩ ላይ ገንዘብ እያለው ለልጁ ዳቦ መግዛት ያቃተው ብዙ ሰው ነው። አሜሪካም ቢሆን ያው ነው። የካቲት 2013 ዓ.ም. ቴክሳስ በበረዶ ስትመታ ሚሊዮኖች ለቀናት መብራት አጥተዋል። እህቴ ዳላስ ነው የምትኖረው። ፍሪዘሯ እንጀራና ሥጋ ሞልቶታል፤ ምድጃዋ ግን በኤሌክትሪክ ነው። ለሁለት ቀን ከልጆቿ ጋር የበላችው እናታችን የላከችላትን በሶ በውሃና በስኳር በጥብጣ ነው።

በሶን የማከብረው ለዚህ ነው። ገብሱ አስቀድሞ ተቆልቷል። እሳት አይፈልግም፣ ፍሪጅ አይፈልግም። በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ የዘመተው ሰው በሶና ድርቆሽ ይዞ የወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ደቡብ ብንሄድ ደግሞ እንሰት አለ። የተፋቀው ጉድጓድ ውስጥ በቅጠል ተሸፍኖ ይብላላል፣ ቆጮው ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሕዝብ ስለ ስንቅ ከሌላ አገር መማር የለበትም ባይ ነኝ።

አንድ ከባድ ጥያቄ ግን አለ። ነጋዴ እህል ሲያከማች እንወቅሳለን፣ እኛስ ስናከማች? እኔ ሁለቱን የምለየው በጊዜውና በመጠኑ ነው። ነጋዴው ዋጋ እስኪወደድ ይደብቃል። እኔም በ2012 ያደረግኩት ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ ሰው ሁሉ ሲፈልግ ተሻምቼ ወሰድኩ። አዝመራው ገብቶ ገበያው ረገብ በሚልበት በጥርና በየካቲት፣ ቀስ ብሎ፣ ለቤቱ የሚበቃውን የሚገዛ ሰው ግን ማንንም አይሻማም። ችግር ሲመጣም ሰልፍ አይወጣም። ያቺ ሁለት ኪሎ የፈለገች እናት ታገኛለች ማለት ነው። ስለዚህ አቅም ያለን ሰዎች ስንቅ መያዝ ያለብን ከእጅ ወደ አፍ ለሚኖረው ሰው ስንልም ጭምር ነው።

ምን ያህል ይበቃል? በአገራችን ለተረጂ የሚሰፈረው ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ሊትር ዘይት ነው። ለአምስት ሰው ቤተሰብ 75 ኪሎ እህል፣ 7.5 ኪሎ ምስር ወይም ክክ፣ ከሁለት ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ዘይት ይመጣል። ከአንድ ኩንታል በታች ነው። አልጋ ሥር ይገባል።

የኔ ዱቄት የተበላሸው ዱቄት ስለሆነ ነው። እህል ሳይፈጭ ሲቀመጥ ይበልጥ ይቆያል። ጤፍን ደግሞ ነቀዝ አይደፍረውም፣ ፍሬው በጣም ደቃቅ ነው። በቆሎና ማሽላ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ከሁሉ በፊት መድረቃቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ እርጥብ እህል ይሻግታል፣ ሻጋታው የሚያመጣው አፍላቶክሲን ደግሞ ጉበት ይጎዳል። ቀላል መፈተኛ አለ። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ትንሽ እህልና ደረቅ ጨው ጨምሮ መነቅነቅ ነው። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና አልደረቀም። ከዚያ በሦስት ድርብ ከረጢት፣ ውስጠኞቹ ሁለቱ ወፍራም ፕላስቲክ በሆኑበት፣ አየር ሳያስገቡ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ነው። ውስጥ የቀረው ነቀዝ አየር አጥቶ ይሞታል። መድኃኒት አያስፈልግም።

መድኃኒቱን ካነሳሁ፣ እባካችሁ በክኒን መልክ የሚሸጠውን የነቀዝ መድኃኒት ሰው የሚተኛበት ቤት ውስጥ አታስገቡ። የሚያወጣው ጋዝ ነቀዙን ብቻ አይደለም የሚገድለው። የተኛ ቤተሰብ ይገድላል። መብራት ሲጠፋም በር ዘግታችሁ ከሰል አታንድዱ።

ውሃ የሚያዝበት ጀሪካንማ አዲስ አበቤ ቤት አይጠፋም፣ እሱን ፈረቃው አስተምሮናል። ለተቀመጠው እህል ደግሞ ቀን ጻፉበት። የቆየውን አስቀድማችሁ ብሉ፣ በምትኩ አዲስ አስገቡ። ለብቻው የተቀመጠ ማንም የማይነካው ምግብ ይረሳል፣ ከዚያ ይበላሻል። አያቴ ጎታዋን ሁልጊዜ ትበላበትና ትሞላው ነበር።

አንድ ኩንታል ጤፍ በአንዴ መግዛት ለብዙ ቤት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። እኛ ብሎክ ያለን አራት ቤተሰቦች ካለፈው ዓመት ጀምሮ እንደ ዕቁብ በየወሩ እያዋጣን ነው። ጥር ላይ ሁለት ኩንታል ጤፍና አንድ ኩንታል ገብስ ገዝተን ተካፈልን። ገብሱን ቆልተን ያስፈጨነው ምድር ቤት ከሚኖሩት እማማ ጋር ነው። እሳቸው መዋጮ አይከፍሉም፣ አንጠይቃቸውምም። የእሳቸው ድርሻ አምስት ኪሎ በሶ ስንቋጥርላቸው "ስልቻ የላችሁም እንዴ ልጆቼ?" አሉን። የለንም። ለዘንድሮው ፈልገን እንገዛለን ብለናቸዋል።