ማስተካከያ፦ ቨርቹዋል ሜሞሪን አታጥፉት

ቀደም ሲል ለደብረ ማርቆስና ለፍኖተ ሰላም አንባቢዎች በወጣው ምክር «ራሙ (ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን ዳታ የሚይዝበት ፈጣን ሜሞሪ) 2 ጊጋባይት የሆነ አሮጌ ኮምፒውተር እንዲፈጥን ቨርቹዋል ሜሞሪውን አጥፉት» ተብሎ ነበር። ትክክል አይደለም። ያጠፋችሁት እባካችሁ መልሱት።

ቨርቹዋል ሜሞሪ፣ ራሙ ሲሞላ ዊንዶውስ ለጊዜው የማይሠራበትን ዳታ የሚያቆይበት የሃርድ ዲስክ ቦታ ነው፤ ጎተራው ሲሞላ የተረፈው እህል በጆንያ እንደሚቀመጠው። ዲስክ ከራም እጅግ ስለሚዘገይ ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል፣ እውነት ነው። ቨርቹዋል ሜሞሪው ከጠፋ ግን ክሮም ላይ ጥቂት ገጾች ከፍታችሁ ወርድ ላይ ስትጽፉ ሜሞሪው ያልቅና ፕሮግራሙ ድንገት ይዘጋል፤ ሴቭ ያላደረጋችሁት ሁሉ ይጠፋል። የመመረቂያ ጽሑፍ የያዛችሁ ተማሪዎች በተለይ ተጠንቀቁ።

ይልቅ ዊንዶውስ 10 ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። «ስታርትአፕ» ውስጥ ኮምፒውተሩ ሲከፈት አብረው የሚነሱትን የማትፈልጓቸውን ፕሮግራሞች ዲሴብል አድርጉ፤ አንቲቫይረሱን ግን አትንኩት።

ራም ለመግዛት ባሕር ዳር የምትሄዱ፣ የድሮውን ነቅላችሁ ያዙ። አዲሱ ራም ከድሮው ጋር አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ የዲዲአር2 ራም ማስገቢያ ዲዲአር3 የተባለውን ሌላ የራም ዓይነት አይቀበልም።