ጀርባ ለሰጠው ጎብኚ ምስጋና

ባርሴሎናን እንደ ዘመኑ ጎብኚ ያወቃት የለም፤ በጀርባው ነው የሚያውቃት። ሻንጣውን ሆቴል ጥሎ ሳግራዳ ፋሚሊያ ወደሚባለው ቤተ ክርስቲያን ይገሰግሳል፤ እንደደረሰም ፊቱን ያዞርና ስልኩን በዘንግ ሰቅሎ ፈገግ ይላል። ግማሽ ማማ በጆሮው በኩል ብቅ ካለለት በቂ ነው። አርክቴክቱ አንቶኒ ጋውዲ ከ1883 እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1926 የለፋው (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) ለካ ይህን ጆሮ ለማጀብ ኖሯል!

የድሮዎቹ ባርሴሎናውያን ግን ምንኛ ኋላ ቀር ነበሩ! ካሳ ሚላ የሚባለው የጋውዲ ሕንፃ፣ ግድግዳው እንደ ባሕር ሞገድ የሚያብጥና የሚሰረጉድ ሆኖ ቢያገኙት፣ አንጋጠው አዩትና ድንጋይ የሚፈለጥበት ካባ ነው ብለው ተሳለቁበት። ላ ፔድሬራ የተባለው በዚሁ ነው፤ ስሙም ሳይለቀው ቀረ። እንግዲህ አስቡት፣ ለመሳደብ ብሎ ማየት! የእኛ ሰው ይህን ሁሉ ድካም አስቀርቶልናል፤ ሳያይ ያደንቃል።

ሳግራዳ ፋሚሊያ ውስጥ ዓምዶቹ ከፍ እያሉ ሲሄዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጣሉ። ጠዋት በምሥራቁ መስታወት ሰማያዊና አረንጓዴ፣ ከሰዓት በኋላ በምዕራቡ ቀይና ብርቱካናማ ብርሃን ይፈስሳል። ጎብኚያችን ይህን የሚያውቀው ፎቶው ላይ ጉንጩ ሰማያዊ ሆኖ ሲያገኘው ነው። ደግነቱ ስልኩ ቀለም ማስተካከያ አለው፤ ወዲያው ያጠፋዋል።

ሥነ ሥርዓቱን ለማየት ግን ጋውዲ ወደሠራው መናፈሻ፣ ወደ ፓርክ ጉዌል መሄድ ነው። በሴራሚክ ስብርባሪ የተለበጠችው እንሽላሊት ዘንድ ሕዝቡ ተራ ይጠብቃል። አንድ ሽማግሌ ስብርባሪው እንዴት እንደተገጣጠመ ለማየት ጎንበስ ቢሉ፣ «ዞር በሉልን እንጂ!» የሚል ቁጣ ከየአቅጣጫው ይዘንብባቸዋል። ይገባቸዋል፤ የሚያይ ሰው ፎቶ ያበላሻል። ጋውዲን ራሱን ትራም ገጭቶት በወደቀ ጊዜ፣ ልብሱ አሮጌ ነበርና መንገደኞቹ ለማኝ መስሏቸው ነበር። ዛሬ በዚያው ልብስ እንሽላሊቷ አጠገብ ቢቆም ማን ይታገሠዋል?

ምስጋና ቢስ አይጠፋምና በሐምሌ 2024 ነዋሪዎቹ የቱሪስቱ ብዛትና የቤት ኪራዩ ንረት አንገፈገፈን ብለው ሰልፍ ወጡ። አንዳንዶቹም ምግብ ቤት ደጃፍ የተቀመጡትን እንግዶች በመጫወቻ ሽጉጥ ውኃ ረጯቸው። ነውረኞች! ስልካቸው ውስጥ ቢገባስ?