የሙፊዳ ትላትሊን ፊልም በኤዲቲንግ ክፍል አስተምሩት

ስለ ቱኒዚያዊቷ ሙፊዳ ትላትሊ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር «ፈር ቀዳጅ ዓረብ ሴት ዳይሬክተር» ብሎ ይጀምርና እዚያው ይቆማል። ማዕረጉ ይገባታል። ችግሩ፣ የመጀመሪያ ረጅም ፊልሟ «የቤተ መንግሥቱ ዝምታ» በ1994 (እ.ኤ.አ.) ከመውጣቱ በፊት የሌሎችን ፊልም ኤዲት ስታደርግ፣ ማለትም ስትቆርጥና ስትቀጥል፣ የኖረችባቸውን ሁለት አሥርት ዓመታት ይውጣቸዋል።

በ1968 ፓሪስ ከሚገኘው የፊልም ትምህርት ቤት ኢዴክ ተመረቀች። የአልጄሪያዊው መርዛቅ አሉዋሽ «ዑመር ገትላቶ»ም፣ የአገሯ ልጅ ፈሪድ ቡገዲር «ሐልፋዊን»ም በእሷ እጅ አልፈዋል።

ያኔ ኤዲቲንግ ቃል በቃል የእጅ ሥራ ነበር። 35 ሚሊ ሜትር ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይሮጣል፤ ድምፁ ለብቻው በማግኔቲክ ጥቅል ላይ ነው። ከምስሉ የተቆረጠው ከድምፁ እኩል ካልተቀነሰ ቀጥሎ ያለው ንግግር ሁሉ ከከንፈር ጋር ይጣላል። የጀማሪ ስህተት ደግሞ ተናጋሪው ዝም እንዳለ መቁረጥ ነው። የሰሚው ፊት የሚለወጠው ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው ቃል በኋላ ነው፤ 12 ፍሬም፣ ማለትም ግማሽ ሰከንድ፣ ቢተውለት ትዕይንቱ ሌላ ይሆናል።

«የቤተ መንግሥቱ ዝምታ» የተሠራው በዚህ ዕውቀት ነው፤ ኤዲቲንጉም ላይ ራሷ አለችበት። ታሪኩ በ1950ዎቹ፣ ቱኒዚያ ነፃ ልትወጣ ስትቃረብ፣ በመሳፍንት ቤት የሚያገለግሉ ሴቶች ታሪክ ነው። ወጣቷ ዓሊያ በእናቷ ላይ የሚፈጸመውን ጥቃት አይታ ሮጣ ትወጣለች፣ አፏንም ከፍታ ትጮኻለች። ጩኸቱ አይሰማም። ሌላው ቢሆን ሙዚቃ ይደርብበት ነበር። በስተመጨረሻ ደግሞ ላይ ቤት በድግሱ መሀል ዓሊያ የተከለከለውን የአርበኞች መዝሙር ስትዘፍን፣ ታች የአገልጋዮቹ ክፍል እናቷ ፅንስ ለማስወረድ ስትሞክር ትሞታለች። ሁለቱን እያፈራረቀ የሚያሳየው ቅንብር፣ የአገር ነፃነት እነዚያን ሴቶች እንዳልደረሳቸው ያለ አንድ ቃል ይናገራል።

ፊልሙ በፈረንሳዩ የካን ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ፊልም በሚሰጠው ሽልማት በካሜራ ዶር ልዩ ተጠቃሽነት፣ በቱኒዚያው የካርቴጅ ፌስቲቫል ደግሞ ዋናውን ሽልማት የወርቅ ታኒትን አገኘ። በ2000 «የወንዶች ወቅት» ተከተለ፤ ጥሩ ነው፣ የመጀመሪያውን ያህል ግን አይጨብጥም። በ2011 ከቱኒዚያ አብዮት ማግስት ለጥቂት ቀናት የባህል ሚኒስትር ሆና ነበር፤ ለሥራዋ የጨመረው ነገር የለም። በ2021 አረፈች።

የፊልም ትምህርት ቤቶች ስሟን «የሴቶች ሲኒማ» በሚል አንድ ሳምንት ውስጥ ማጨቁን ትተው ያቺን ድምፅ አልባ ጩኸት በኤዲቲንግ ክፍል ያሳዩ። ተማሪው መጀመሪያ ድምፅ ጨምሮባት፣ ቀጥሎ ድምፁን አውጥቶ ይያት።