ማሽን የጻፈውን ፋይል በእጃችሁ አትንኩብን!

ኧረ ወገን፣ ይሄ ነገር አንጀት ያቃጥላል! የዳታቤዝ ኮድ ጀነሬት ይደረግ (ማሽን ይጻፈው) ወይስ በእጅ ይጻፍ በሚል ክርክር በየቢሮው ስንት ሰዓት ይባክናል። ሲስተሙን የሚያበላሸው ግን ሁለቱን ደባልቆ የሚሠራ ሰው ነው። ጀነሬት ያደርጋል፣ የወጣውን ፋይል ከፍቶ በእጁ ይነካካዋል፣ ለማንም ሳይናገር ይሄዳል።

የማይክሮሶፍት ዶትኔት ኦአርኤም (የዳታቤዝ ቴብልን ከኮድ ክላስ ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ) የሆነውን ኤንቲቲ ፍሬምወርክ ኮርን እንውሰድ። ከነባር ዳታቤዝ ስካፎልድ ስታደርጉ (ኮዱን ከቴብሎቹ አውጣ ስትሉት) ለየቴብሉ አንድ አንድ ክላስ፣ ለሁሉም ደግሞ አንድ ዲቢኮንቴክስት (ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኝ ዋና ክላስ) ይወጣላችኋል። አንዱ ይመጣና ዲቢኮንቴክስቱ ውስጥ «የተሰረዘ ደንበኛ አይታይ» የሚል ኩዌሪ ፊልተር (ለዳታቤዙ በሚላክ ጥያቄ ላይ በራሱ የሚታከል ማጣሪያ) ይጨምራል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ቦታው ነው ችግሩ። ከወራት በኋላ የደንበኛ ቴብል ላይ አዲስ ኮለም ይገባል፣ ሌላ ሰው በፎርስ (ያለውን ፋይል ተካ በሚል ትእዛዝ) እንደገና ስካፎልድ ያደርጋል፣ ፋይሉ ከላይ እስከ ታች ይተካል። ፊልተሩ ጠፋ። ኮዱ ግን ያለ አንድ ኤረር ኮምፓይል ይሆናል! የተሰረዙት ደንበኞች ሪፖርት ላይ ተመልሰው ይደረደራሉ፣ ድምሩ አልገጥም ሲል መጀመሪያ የሚጮኸው ሒሳብ ክፍል ነው።

መፍትሔው እኮ እዚያው ነው ያለው። ክላሶቹ ፓርሻል (አንዱን ክላስ በተለያየ ፋይል ከፋፍሎ መጻፍ የሚያስችል) ሆነው ነው የሚወጡት፤ ዲቢኮንቴክስቱ መጨረሻ ላይም ኦንሞዴልክሪየቲንግፓርሻል የሚባል ባዶ ሜተድ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። ሌላ ፋይል ክፈቱ፣ በዚያው ኔምስፔስና በዚያው የክላስ ስም ያንን ሜተድ ጻፉና ፊልተሩን እዚያ አስገቡት። ከዚያ በኋላ ስካፎልዱ መቶ ጊዜ ቢደገም የእናንተን ፋይል አይነካውም። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ለምንድን ነው የማይሠራው?

ሌላው ብሶት «ኦአርኤም ቀርፋፋ ነው፣ ሁሉንም በእጅ እንጻፈው» የሚሉት ናቸው። ቀርፋፋ ያደረገው ምን እንደሆነ አይተዋል ወይ? 200 የደንበኛ ትእዛዝ (ኦርደር) በአንድ ኩዌሪ ታመጣላችሁ፣ ከዚያ ሉፕ ውስጥ የየትእዛዙን ደንበኛ ስም ትጠራላችሁ። ዳታቤዙ ጋ የሚደርሰው 201 ኩዌሪ ነው። አንዱ ደርሶ ለመመለስ 2 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ እንኳ 400 ሚሊሰከንድ መንገድ ላይ አለቀ። ላፕቶፕ ላይ አይታይም፤ ዳታቤዙ እዚያው ማሽን ላይ ነው፣ የሙከራ ዳታውም አሥር መስመር ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ሰርቨር ላይ ሲወጣ ይፈታል። ጃንጎ (የፓይተን ዌብ ፍሬምወርክ) ላይ ለፎሪን ኪ (ወደ ሌላ ቴብል ለሚጠቁም ኮለም) ሰሌክት ሪሌትድ፣ ለብዙ ዝርዝር ፕሪፌች ሪሌትድ ብትጨምሩ ኩዌሪው አንድ ወይም ሁለት ይሆናል። ይህን ሳያዩ በእጅ መጻፍ የጀመሩት ደግሞ ሉፕ ውስጥ ደንበኛ አምጣ የሚል ፈንክሽን ጠርተው ያንኑ 201 ኩዌሪ በእጃቸው ይጽፉታል። ከድጡ ወደ ማጡ!

በእጅ የተጻፈው ሌላም ጣጣ አለው። ኮለምን በስሙ ሳይሆን በተራ ቁጥሩ ማንበብ፣ ሰሌክት ስታር (ሁሉንም ኮለም አምጣ) ብሎ በቅደም ተከተል መተማመን፣ ኮኔክሽን ከፍቶ ሳይዘጉ መተው። በዶትኔት የኤስኪውኤል ሰርቨር ኮኔክሽን ፑል (እየተመላለሱ የሚያገለግሉ ኮኔክሽኖች ክምችት) በዲፎልት ቢበዛ 100 ነው፤ እሱ ሲሞላ ቀጣዩ ተጠቃሚ 15 ሰከንድ ጠብቆ ታይምአውት ይበላል።

ለእኛ ለአማርኛ ዳታ ሠራተኞች ግን ከሁሉም የሚያመው የጥያቄ ምልክቱ ነው። ቴብሉን ትከፍታላችሁ፣ ስም የሚለው ኮለም ላይ «????» ተደርድሯል። ብዙ ሰው የፎንት ችግር ይመስለዋል። አይደለም፣ ፊደሉ ሲገባ ነው የጠፋው፣ ከባክአፕ ወይም ከወረቀት ካልሆነ አይመለስም። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ኮለሙ ኤንቫርቻር (ዩኒኮድ የሚይዝ የጽሑፍ ዓይነት) ቢሆንም ኢንሰርቱን በእጅ ጽፋችሁ «አበበ» ከሚለው ነጠላ ጥቅስ በፊት ኤን የምትለዋን ፊደል ከዘለላችሁ ጽሑፉ መጀመሪያ ወደ ዳታቤዙ ኮድ ፔጅ (የፊደል ሰንጠረዥ) ይቀየራል፤ ዩቲኤፍ 8 ኮሌሽን (የፊደል አያያዝ ደንብ) ካልተመረጠ በቀር ግእዝ እዚያ ቦታ የለውም። በፓራሜትር (ዋጋውን ከኤስኪውኤሉ ጽሑፍ ለይታችሁ) ብትልኩት ይህ ችግር አይነሳም፣ ኤስኪውኤል ኢንጀክሽንም (በሚገባው ጽሑፍ ውስጥ ትእዛዝ ደብቆ ማስገባት) አብሮ ይዘጋል። ጀነሬት የተደረገው ኮድ አብዛኛውን ጊዜ በፓራሜትር ስለሚልክ እዚህ ላይ ከእኛ ይሻላል፣ እውነቱን እንናገር።

ግን እሱም ያጠፋል። የስልክ ቁጥር ኮለም ቫርቻር 13 (ከኤንቫርቻር የተለየ፣ 13 ቦታ ያለው የጽሑፍ ዓይነት) ነው እንበል፣ ከ+251 ጋር ልኩ ነው፣ ኢንዴክስም (ፈጥኖ መፈለጊያ ማውጫ) አለው። ሞዴሉ ላይ ምንም ካልተገለጸ የሚላከው ፓራሜትር ኤንቫርቻር ነው። ኤንቫርቻር በደረጃ ስለሚበልጥ ሰርቨሩ ፓራሜትሩን ትቶ ኮለሙን ይቀይራል፤ ኮሌሽኑ ስሙ ኤስኪውኤል ብሎ ከሚጀምረው የድሮው ዓይነት ከሆነ ኢንዴክስ ሲክ (በቀጥታ መድረስ) የነበረው ስካን (ሁሉንም ማንበብ) ይሆናል። አንድ ስልክ ለመፈለግ ሁለት ሚሊዮን መስመር ማንበብ ማለት ነው! ኮዱ ላይ ምንም አይታይም፣ ሰርቨሩ ኩዌሪውን እንዴት እንደሚያስኬደው የሚያሳየው ኤክስኪውሽን ፕላን ላይ ግን ኮንቨርት ኢምፕሊሲት የሚል ጽሑፍ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ኤንቲቲ ፍሬምወርክ ላይ ኢዝዩኒኮድ ፎልስ በሉት። ዳፐር (ኤስኪውኤሉን በእጅ ለሚጽፉ የዶትኔት ላይብረሪ) ለምትጠቀሙም ያው ነው፣ ዲቢስትሪንግ ተጠቅማችሁ ኢዝአንሲ ትሩ አድርጉ።

ብር የሚነካ ሲስተም ያላችሁ ደግሞ ዴሲማሉን እዩት። ትክክለኛውን ልክ ካልነገራችሁት ኤንቲቲ ፍሬምወርክ ኮር ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ 18፣2 (በጠቅላላው 18 አሃዝ፣ ከነጥቡ በኋላ 2) ብሎ ይፈጥረዋል። የምንዛሪ ተመን 57.4823 ብታስገቡ 57.48 ብቻ ይቀመጣል። በ100,000 ዶላር ሲባዛ የ230 ብር ልዩነት ነው። ሎጉ ላይ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፤ የሚያነበው ጠፋ እንጂ።

ስለዚህ እባካችሁ፣ የሚወጣውን ኤስኪውኤል እዩት። ሂበርኔት (የጃቫ ኦአርኤም) ላይ ሾው ኤስኪውኤል አለ፣ ኤንቲቲ ፍሬምወርክ ላይ ሎግቱ አለ፣ ጃንጎ ላይ አሰርት ነም ኩዌሪስ ብላችሁ ቴስቱ ውስጥ «ይህ ገጽ ልክ 3 ኩዌሪ ነው ያለው» ማለት ትችላላችሁ፤ አንድ ሰው ሉፕ ሲጨምር ቴስቱ ይወድቃል። በቁልፍ ማንበብ፣ ማስገባት፣ ማስተካከል፣ ይህን ሁሉ ማሽን ይጻፈው። አምስት ቴብል የሚያገናኝ የወር ሪፖርት ግን በእጅ ይጻፍ፣ በራሱ ፋይል፣ በራሱ ስም። በጎ ቋንቋ የምትጽፉ ደግሞ ኤስኪውኤልሲ አላችሁ፤ ኩዌሪውን እናንተ ትጽፋላችሁ፣ እሱ ከስኪማው (ከቴብሎቹ አወቃቀር) ጋር አመሳክሮ የጎውን ኮድ ያወጣል፣ የኮለም ስም ብትሳሳቱ እዚያው ይነግራችኋል።

ማሽን የጻፈው ሁሉ ለብቻው ፎልደር ይግባ። ቢልድ ሰርቨሩም ማይግሬሽኖቹን (ቴብሎቹን የሚፈጥሩና የሚለውጡ ፋይሎችን) ባዶ ዳታቤዝ ላይ ያሂድ፣ ኮዱን እንደ አዲስ ጀነሬት ያድርግ፣ ከዚያ በጊት ዲፍ ያወዳድር። አንድ መስመር ከተለየ ቢልዱ ይውደቅ፤ በእጁ የነካካው ሰውም ስሙ ኮሚቱ ላይ አለ፣ መጥቶ ወደ ፓርሻሉ ፋይል ያዛውረው።